ሾኔ ድምጿን ያጠፋችበት ጠዋት

አሁንም በየማለዳው ስልኬ ላይ የራሴን ዓረፍተ ነገር አነባለሁ። የጻፍኩት ግን እኔ አይደለሁም። «ሾኔ ዛሬ ድምጿን ከፍ አድርጋለች» ይላል። ስለ ገበያ እንደዚያ ብለን የምንጽፍ ሰዎች ሁለት ብቻ ነበርን። አንደኛው አርፈዋል። ሁለተኛዋ እኔ ነኝ፤ ሆሳዕና ቤቴ በረንዳ ላይ ቁጭ ብዬ ድንች እየላጥኩ ነው።

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ሰዎች ሥራሽ ምን ነበር ሲሉኝ መልሱ ይቸግረኛል። መምህር ነበርኩ ስላቸው ይገባቸዋል። መጀመሪያ ሾኔ፣ ከዚያ ሆሳዕና ተዛውሬ ኢኮኖሚክስ አስተምሬያለሁ፤ ዛሬም መንገድ ላይ ሲያየኝ ባጃጅ የሚነዳው ሁሉ «ቲቸር ማርታ» እያለ ያቆምልኛል። ከዚያ በኋላ የሠራሁትን ግን ማስረዳት ያስቸግራል። የገበያ ወሬና ትንታኔ በኢንተርኔት የሚያቀርብ የአዲስ አበባ ድርጅት ነበር የቀጠረኝ። አንባቢዎቻችን ከፍለው የሚያነቡ የገበያ ባለሙያዎች ነበሩ፤ ላኪዎች፣ የፋብሪካ ገዢዎች፣ ባንክ ውስጥ ብድር የሚያጠኑ ሰዎች። እነሱ ጠዋት ኮምፒውተራቸውን ሲከፍቱ የሾኔ በርበሬ፣ የዱራሜ ዝንጅብል፣ የአንጋጫ ገብስ እንዴት እንደዋለ ማወቅ ይፈልጋሉ። የምንነግራቸው እኛ ነበርን። ደሞዙ ከመምህርነቱ ትንሽ ይሻላል፤ ስለ እሱ ይኸው ይበቃል።

ቢሯችን መናኸሪያው ፊት ለፊት፣ ከመድኃኒት ቤት በላይ ያለች አንዲት ክፍል ነበረች። መስኮቱን ስንከፍት የረዳቶቹ ጩኸት ይገባል፣ ስንዘጋው እንታፈናለን። መብራት ሲጠፋ በስልክ ኢንተርኔት እንሠራለን፤ ስልኩም ሲዘጋ ታች ወርደን ጄኔሬተር ያለውን መድኃኒት ቤት ቻርጅ እንለምናለን። አለቃዬ ጋሼ ላምቤቦ ይባላሉ። ቀድሞ የእህል ነጋዴ ነበሩ። ንግዱን ለምን እንደተዉት ሲጠየቁ ጆሮዬ ከኪሴ ይሻላል ብለው ይስቃሉ። እውነታቸውን ነበር።

በየከተማው አንድ አንድ ወኪል ነበረን። ወኪሉ ገበያ መሃል ቆሞ ይደውላል። ሌላ ቢሮ ቢሆን ዋጋውን ተቀብሎ ይጽፍ ነበር። ጋሼ ላምቤቦ ግን ዋጋ አይጠይቁም። መጀመሪያ አሰማኝ፣ ከዚያ ትነግረኛለህ ነው የሚሉት። ወኪሉ ስልኩን ከፍ አድርጎ ወደ ገበያው ያዞራል። እሳቸው መነጽራቸውን ያወልቃሉ፣ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ፣ ስልክ የሌለበትን ጆሯቸውን በመዳፋቸው ይደፍናሉ። ሻያቸው እዚያው ይቀዘቅዛል።

ምን እንደሚሰሙ ለማወቅ ብዙ ጊዜ ፈጀብኝ። መጀመሪያ ቋንቋውን ይለያሉ። እኛ አገር ገበያ የሚከራከረው በሀዲይኛ ነው፤ ዱራሜና አንጋጫ ሲሆን በከምባትኛ። ከጉርምርምታው ውስጥ አማርኛው ከበዛ የሩቅ ገዢ ገብቷል ማለት ነው፤ ዋጋው ይነሳል። ቀጥሎ በርበሬውን ያዳምጣሉ። ገዢ የሆነ ሰው ዛላውን ጆሮው ሥር ይዞ ይነቀንቀዋል። የደረቀ ከሆነ ፍሬው ውስጡ ይንሿሿል። ውኃ የነካው ዛላ ግን ድምፅ የለውም፣ ሚዛን ላይ ብቻ ይከብዳል። ያን መንሿሿት ከስልክ ውስጥ ይሰሙታል ብላችሁ አታምኑኝም፤ እኔም አላመንኩም ነበር፣ በኋላ ለራሴም መሰማት እስኪጀምር ድረስ። አንድ ቀን የዱራሜው ወኪላችን ገበያው ደርቷል ብሎ ይደውላል። ጋሼ ላምቤቦ አዳመጡ፣ አዳመጡና፣ ልጅህ እያለቀሰ ነው፣ መጀመሪያ አባብለው፣ ከዚያ ከቤትህ ወጥተህ ገበያ ስትደርስ ደውልልኝ አሉት። ያ ሰው ሁለተኛ ከቤቱ አልደወለም።

ከዚያ አንዲት ዓረፍተ ነገር ይጽፋሉ። ገበያዋ ድምጿን ከፍ አድርጋለች፣ ወይም ዝቅ አድርጋለች። ከዚህ የበለጠ ትንታኔ አይወዱም። እኔ የዩኒቨርሲቲ ቃላቴን ይዤ ስመጣ «ማርታ፣ ይሄ ቃል ገበያ ወጥቶ ያውቃል?» ይሉና ይሰርዙታል። ስንቱን ቃሌን ቀበሩት! ደግሞም አንድ የማይነካ ሕግ ነበራቸው። ያልሰማነውን ገበያ አንጽፍም። ወኪል ከታመመ፣ ኔትወርክ ከጠፋ፣ «ከሾኔ ወሬ የለንም» ብለን ቦታውን ባዶ እንተዋለን። ደንበኞች ይነጫነጩ ነበር። እሳቸው ግን ያችን ባዶ መስመር የሚነካባቸውን ሰው አይምሩም ነበር።

የሾኔ ወኪላችን ሙህዲን ነው። ተማሪዬ ነበር፤ የኋላ ወንበር ልጅ፣ ወሬኛ፣ ግን ውሸት የማይችል። አባቱ በርበሬ ይነግዱ ስለነበር እዚያው ጆንያ መሃል ነው ያደገው። ገበያ ሲገባ ሴቶቹ ከሩቅ ይሰድቡታል፣ እሱም ይመልስላቸዋል። ስልኩን ከፍ ሲያደርግልን ከሁሉ በፊት የሚደርሰን ስድቡ ነበር። ከሁሉ የምትብሰው አማረች የምትባል በርበሬ ሻጭ ናት፤ በልጅነቱ ጆሮውን እየጎተተች ያሳደገችው። ሀፍረት የለሽ፣ ዛሬም ሳትበላ ወጣህ ወይ፣ ሚስትህ ምን ሠርታ ሰጠችህ እያለች ትጮኽበታለች። ጋሼ ላምቤቦ የእሷን ድምፅ ሲሰሙ ዓይናቸውን እንደጨፈኑ ፈገግ ይላሉ። አማረች ከጮኸች ገበያው ጤነኛ ነው ይሉኝ ነበር።

በኋላ አዲስ አበባ ላይ አዲስ ሥራ አስኪያጅ መጣ። ናትናኤል ይባላል። ክፉ ልጅ አይደለም፤ ጨዋ ነው፣ ፈጣን ነው፣ ስልኩ ከእጁ አይለይም። አገልግሎቱ ከባለሙያዎቹ አልፎ ለሁሉም ይድረስ አለና ነፃ የቴሌግራም ቻናል ከፈተ። በየማለዳው የየከተማው ዋጋ ይወጣል፣ ከሥሩም ያችው የጋሼ ላምቤቦ ዓረፍተ ነገር። ጋሼ በዚያው ሰሞን ጡረታ ወጡ፣ ወንበሩ ለእኔ ደረሰ። በገበያ ቀን ግን ቤታቸው መቀመጥ አልቻሉም። ሻያቸውን ይዘው ደረጃውን ቀስ እያሉ ይወጡና ጥግ ላይ ይቀመጣሉ።

ከሾኔ መጀመሪያ የጠፋው ስድቡ ነው።

አንድ ጠዋት ሙህዲን ሲደውል ዛሬ ማንም አልሰደበህም እንዴ ብዬ ቀለድኩበት። ሳቀ፣ ግን ሳቁ ቶሎ አለቀ። ከዚያ እየቆየ ነገረኝ። ሲያልፍ ሽማግሌዎች ይነሱለት ጀምረዋል። ሴቶቹ ሲደርስ ዝም ይላሉ። አማረች ምርጥ ዛላ መርጣ ቤቱ ድረስ ላከችለት፤ መለሰላት፣ እንደገና ላከችው። አንድ የሰፈሩ አዛውንት ደግሞ ጥግ ያዙትና ልጄ፣ ነገ ዋጋውን ለእኛ ደህና አድርግልን ብለው ለመኑት። ያስደነገጠው ልመናው ብቻ አይደለም። ሰውዬው የለመኑት በአማርኛ ነው። ሙህዲን ከተወለደ ጀምሮ ከእሳቸው ጋር በአማርኛ አውርቶ አያውቅም።

ይሄ እንግዲህ የእኛ አገር ነገር ነው። በቋንቋችን እንጣላለን፣ እንታረቃለን፣ እንገዛለን፣ እንሸጣለን። በአማርኛ ተጽፎ የሚመጣ ነገር ግን ከቢሮ የመጣ ነው፤ የማዳበሪያ ዋጋ፣ የግብር ጥሪ፣ የስብሰባ ማስታወቂያ። ከቢሮ የመጣን ነገር ማን ተነሥቶ ይከራከረዋል? እኛ የጻፍነው ገበያው ያለውን ነው። እነሱ ያነበቡት ገበያው የታዘዘውን ነው። ሙህዲን እንደሚለው በሀዲይኛ ብንጽፈው ኖሮ ገና ከላይኛው መስመር ይጣሉን ነበር። ለናትናኤል ባስረዳው፣ ባስረዳው፣ የሚታየው የተከታዩ ብዛት ብቻ ነበር። ጭራሽ ቻናሉን አሻሻልኩ ብሎ ዝርዝሩን «የዛሬ ዋጋ» የሚል ርዕስ ሰጠው።

ከዚያ በኋላ በመጀመሪያው የሾኔ ገበያ ቀን፣ ጠዋት ሙህዲን ደወለ። ጋሼ ላምቤቦ እንዲሰሙ ስፒከር ላይ አደረግኩት። መነጽራቸውን አወለቁ። ስልኩ ውስጥ ምንም የለም። ትንሽ ነፋስ አለ፣ ከሩቅ የሆነች አህያ አለች፣ በቃ። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ሃሎ፣ ሃሎ አልኩ። አለሁ ቲቸር አለኝ፣ በሹክሹክታ።

ትልቅ ሰው ያረፈ መሰለኝ። እኛ ጋ ለትልቅ ሰው ለቅሶ ገበያ ይበተናል፣ ሰው ድምፁን ይውጣል። ማን ሞተ አልኩት። ማንም አልሞተም አለኝ። ገበያው ጢም ብሏል፣ መቆሚያ የለም። በርበሬው ሸራ ላይ ተዘርግቷል፣ ሚዛኑ ተሰቅሏል፣ የጭነት መኪኖቹ ተደርድረው ቆመዋል። ሰው ሁሉ ግን ስልኩን በእጁ ይዞ ቆሟል። ስልክ የሌለው፣ ስልክ ያለውን ሰው ፊት እያየ ቆሟል። ዋጋ የሚጠራ የለም፣ ዛላ የሚነቀንቅ የለም። የዛሬውን ዋጋ እየጠበቁ ነው። እኛ ደግሞ ዋጋውን ለመጻፍ እነሱን እየጠበቅን ነበር።

ጋሼ ላምቤቦ እጃቸውን አነሱ፣ ዝም በሉ ማለታቸው ነው። እንደዚያ ቀን ሲያዳምጡ አይቻቸው አላውቅም። ከወንበራቸው ጎንበስ ብለው ጆሯቸውን ስልኩ ላይ ሊለጥፉት ደረሱ። ፊታቸው አመድ መሰለ።

«ሰው አለ» አሉ በመጨረሻ። «ብዙ ሰው አለ። እኛን እየሰማ ነው።»

ሳላስበው ስልኩን በመዳፌ ሸፈንኩት። ደግሞ ራሴን ታዘብኩና እጄን አነሳሁ። ያን ያህል ዓመት ገበያ አዳምጠን፣ ገበያ ሲያዳምጠን ግን የመጀመሪያችን ነበር።

«ቲቸር» አለኝ ሙህዲን፣ አሁንም በሹክሹክታ፣ «ባዶውን ተዉልኝ። ወሬ የለም በሉ። ሲሰለቻቸው አፋቸውን ይፈታሉ። ዛሬ ዋጋ ከመጣ ግን እዚህ አገር ሰው ሆኜ አልኖርም።»

ስልኩን ሳይዘጋ እንዲቆይ ነገርኩትና «ከሾኔ ወሬ የለንም» ብዬ ጽፌ ወደ አዲስ አበባ ላክሁ። ወዲያው ናትናኤል በሌላው ስልክ ደወለ። ትሕትናው አልጎደለም። ወይዘሮ ማርታ፣ ይህን ያህል ሺህ ሰው የሚጠብቀው መስመር ባዶ ሊሆን አይችልም አለኝ። ገበያው ሰው የለውም ወይ አለኝ። ሞልቷል አልኩት። ከሞላ ዋጋ አለው፣ የኮምፒውተሩ ሲስተም ካለፉት ገበያዎች ተነሥቶ ይገምተዋል አለ። ተቆጣሁ፣ ለመንኩ፣ ሙህዲን ያለውን ቃል በቃል ነገርኩት፤ ምን ላድርግ፣ ቁልፉ እሱ እጅ ነው። ያለው ዋጋ ነው የሚወጣው፣ ማንንም አይጎዳም አለኝ። እሱ ገና እየተናገረ ጠረጴዛው ላይ ከተከፈተው ስልክ አንድ ድምፅ ሰማን። የቴሌግራም መልእክት ስትገባ የምታሰማት ቲንግ። ከዚያ ሌላ። ከዚያ ሜዳው ሙሉ፣ ከቅርብም ከሩቅም፣ ቲንግ፣ ቲንግ፣ ቲንግ።

ከዚያ ሾኔ ድምፅ አወጣች። ሁሉም በአንዴ። ክርክር አልነበረም። አንድ ቁጥር ነበር፣ በአማርኛ፣ ከሁሉም አፍ፣ አሜን በሉ ሲባል ጉባኤው እንደሚመልሰው። የራሴን ስልክ አነሳሁ። ቁጥሩ እዚያ አለ። ከሥሩ «ሾኔ ዛሬ ድምጿን ከፍ አድርጋለች» ይላል።

ግምቱ ዝቅ ያለ ነበር። የዓመቱ በርበሬ ጥሩ ደርቆ፣ የሩቅ ገዢም ገብቶ፣ በዚያች ጠዋት ሜዳው ላይ የነበረው ሁሉ ከሚገባው በታች ተጭኖ ሄደ። መኪኖቹ እንደዚያ በቶሎ ሲወጡ ሙህዲን አይቶ አያውቅም። ገበሬው ሊቆጣው፣ ቤቱ መጥቶ ሊጮህበት ይገባ ነበር፤ እሱም ያን ጠብቆ በሩን ከፍቶ ቁጭ አለ። ማንም አልመጣም። በማግስቱ ሲወጣ ተነሡለት። ያን ጊዜ ነው የቆረጠለት። ሚስቱንና ልጆቹን ይዞ ሆሳዕና ገባ፤ አሁን እዚሁ መናኸሪያ ሚኒባስ አለው።

ጋሼ ላምቤቦ ከዚያ ቀን በኋላ ደረጃችንን አልወጡም። ልጠይቃቸው ስሄድ ስልኬን ሌላ ክፍል አስቀምጬ እንድገባ ይለምኑኝ ነበር። አጠፋሁት እኮ ጋሼ ስላቸው፣ መጥፋቱን በምን አወቅሽ ይሉኛል። ከመሞታቸው በፊት በነበሩት ወራት ከሰው ጋር ሲያወሩ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ወደ መስኮቱ እያዩ ነበር። ልጆቻቸው እርጅና ነው አሉ። እኔ ግን እርጅና ነው አላልኩም። ደጉ አለቃዬን እንደዚያ ሆነው ማየት እንዴት እንዳንገበገበኝ።

ቢሮው የተዘጋው ከዚያ ብዙም ሳይቆይ ነው። ሲስተሙ የቀድሞ ጽሑፎቻችንን ሁሉ ተምሮታል፣ ወኪል አያስፈልግም ተባለ። ናትናኤል ራሱ መጥቶ አመሰገነኝ፣ የስንብት ኬክ አስቆረሰኝ። ኬኩ ጥሩ ነበር፤ ለምን እዋሻለሁ።

ባለፈው በርበሬ ወቅት ሙህዲን ቤቴ መጣ። ሲገባ ጀምሮ የሚለው ነገር እንዳለው አውቄያለሁ፤ የኋላ ወንበር ልጅ ሲያመነታ ያስታውቃል። አባቱ አርጅተዋል፣ ብቻቸውን ናቸው፣ ሾኔን ትተው አልመጣም ብለዋል። ሊመለስ ፈልጓል። ግን ሰዉ እንደ ድሮው ይቀበለው እንደሆነ ሳያውቅ ልጆቹን ነቅሎ መሄድ ፈራ። ቲቸር፣ አንዴ ሄደው ያሰሙኝ አለኝ። አማረች ከሰደበችኝ እመለሳለሁ አለኝና አንገቱን ደፋ።

በገበያው ቀን በማለዳ ከመናኸሪያ ሚኒባስ ያዝኩ። ሾኔ ስደርስ ዋጋው ገና አልወጣም ነበር። ሰዉ ስልኩን ይዟል፣ ግን ሜዳው እንደዚያ ቀን ድርቅ ያለ አይደለም፤ የልጅ ሳቅ አለ፣ ጉርምርም የሚል አለ። ልቤ ትንሽ ተነሣ። አማረች እዚያው ቦታዋ ላይ ናት። አርጅታለች፣ ዓይኗም ደክሟል፣ አላወቀችኝም። ለሙህዲን ደወልኩና ስፒከሩን ከፍቼ ስልኩን በነጠላዬ ጫፍ ይዤ አጠገቧ ቁጢጥ አልኩ። አንድ ዛላ አንሥቼ ጆሮዬ ሥር ነቀነቅሁት። ተንሿሿ። ከዚያ በሀዲይኛ ዋጋ ሰጠኋት፤ ሰው የሚያዋርድ፣ ለጉድ የሆነ ዋጋ።

ቀና ብላ አየችኝ። ትንሽ ጊዜ ወሰደባት፣ የረሳችውን ነገር እንደምትፈልግ። ከዚያ ወረደችብኝ። በሀዲይኛ ነው ያወረደችብኝ፤ ምጽዋት ከፈለግሽ ቤተ ክርስቲያኑ እዚያ ማዶ ነው፣ ነጠላሽን አይቼ ሰው መስለሽኝ፣ ባልሽ እንዲህ እያደረገ ነው ወይ የሚያበላሽ አለችኝ። ዙሪያዋ ያሉት ሴቶች ሳቁ። ስልኬ ውስጥ ሙህዲን ሳቀ፤ ከስንት ዘመን በኋላ፣ እንደ ተማሪነቱ፣ እስኪያስለው ድረስ። እኔም እየሳቅሁ ዓይኔ እንባ ሞላ።

ሳቁን ሰማችው። ማነው እሱ አለችኝ። ሙህዲን ነው፣ ልጅሽ፣ እስኪ ስደቢው ብዬ ስልኩን ዘረጋሁላት።

አማረች ከዱካዋ ተነሣች። እጇን በቀሚሷ ጠረገች፣ ሻሿን አስተካከለች። ስልኩን በሁለት እጇ ተቀበለችኝ፣ ጎንበስ አለች።

«አቶ ሙህዲን፣ እንደምን አሉልን» አለች፣ በአማርኛ። «ዛሬ ስንት አድርገውልናል?»

ሳቁ ተቆረጠ። ከሷ ቀጥሎ ያለችው ሴት ዝም አለች፣ ከዚያ ቀጥሎ ያለው ረድፍ፣ ከዚያ ሚዛኖቹ ጋ ያሉት። ልጆቹ ሳይቀሩ። ስልኩ ውስጥ ሙህዲን ሲተነፍስ ይሰማኝ ነበር። ከዚያ ዘጋው።

አማረች ስልኩን በሁለት እጇ መለሰችልኝ። ምን አሉ አለችኝ። ቀና ስል ሜዳው ሁሉ ወደ እኔ ዞሯል።

«ወሬ የለም» አልኳቸው። በሀዲይኛ ነበር ያልኩት።

ማንም አልተንቀሳቀሰም።